የአባባን ሽጉጥ ስንወለውል

ሰቆጣ፣ ኅዳር 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ካሤ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አቀበትና ቁልቁለት ተሻግሮ ይድረስህ። እኔም፣ ባለቤቴ ጌታሰውም፣ አባባም ደህና ነን። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ የላክህላት መርፌ ልኳ ሆኗል።

አባባ ለምን እንደተቆጡ ብትጠይቀኝ ሳልመልስልህ የቆየሁት ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ነው። አልበረደም። ስለዚህ ልንገርህ፤ ጣጣው የሽጉጣቸው ነው። ያቺ መንገድ ሊቀይስ የመጣው ፈረንጅ መሐንዲስ፣ አባባ ከጎርፍ ጎትተው ስላወጡት የሸለማቸው፣ ነጯ ስድስት ጎራሽ። ዝገት አይነካትም ትባል የነበረችው።

ደሃና ወረዳ ባለው የገጠር ቤታችን ግድግዳ ላይ በቆዳ ማኅደሯ እንደተሰቀለች ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው አፍስሶባታል። የአክስታችን ልጅ ተስፋው ሲያወጣት ቡናማ ነጠብጣብ ወርሷታል። "እኔ ወታደር ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ" አለና በአሸዋና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈተጋት። ነጠብጣቡስ ጠፋ። ሽጉጧ ግን ድመቶች የተጣሉባት መሰለች። እሱ ደስ ብሎት እዚህ ድረስ ይዟት መጣና አባባ እጅ ላይ አኖራት።

ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሁሉን በጣታቸው እንደሚያዩ ታውቃለህ። አፈሙዟን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ዳሰሷት። ቀጥለው በኽምጣና፣ በአገውኛችን፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተስፋው የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ከቤት ወጣ። አማርኛውን አልጽፈውም።

ይህ ብቻ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን በየካቲት የዓይን ሐኪሞች ወደ ሰቆጣ ይመጣሉ ተብሎ አባባን አስመዝግበናቸው ነበር። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብለናል። እሺ ብለውን ነበር። አሁን ምን ይላሉ? "ይህቺን ለማየት ዓይኔን አላስነካም። እሷ እንደነበረች ካልሆነች እኔም እንዳለሁ እቀመጣለሁ።" እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃላቸውን አልለወጡም።

አንተ የማጠቢያ ገንዳና የድስት ብረት ስትወለውል የምትውል ሰው ነህና መላ በለኝ። እኔ የማውቀው ጨርቅ ብቻ ነው።

እህትህ ሠርካለም

የእጅ ጽሕፈትህ ምነው እንዲህ ተለወጠ? ጌታሰው "ሌላ ሰው ነው የጻፈለት" ብሎ ሞግቶኛል።


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 27 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ ሠርካለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ወርክሾፑ ደጃፍ ተቀምጬ አነበብኩት። ተስፋው ማሰሪያውን ሳያስር የወጣበት ቦታ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ሎተሪ የደረሰኝ መስሏቸዋል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ጽሕፈቴ አትጨነቂ፤ እስክሪብቶው ነው። ለጌታሰው የጻፍኩት እኔው እንደሆንኩ ንገሪው።

ወደ ሽጉጧ ልምጣ። የማይዝግ ብረት ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም፤ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ከከረመ ይጎዳል። ደግነቱ ቅብ የለውም። ላዩም ሥሩም ያው ብረት ነው። ስለዚህ የተቧጨረውን ላይኛውን ቀስ ብለሽ ካነሳሽለት ከሥሩ ያቺው የድሮዋ ትወጣለች። በአውቶቡሱ ረዳት በደብሬ እጅ የብርጭቆ ወረቀት ልኬልሻለሁ። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ከሻካራው ጀምሪ።

ከሁሉ በፊት ጥይት እንደሌለባት ጌታሰው ይይ። እሱ ሲጨርስ አንቺም እይ። ከዚያ የእንጨት እጀታዋን ፍቺ፤ የያዛት አንድ ብሎን ነው። ሌላ ብሎን እንዳትነኪ፤ ውስጧ እንደ ሰዓት ነው፣ ከተበተነ መልሶ የሚገጥማት አይገኝም። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢያት፣ በላምባ ጥረጊያት። ብረቷ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ፕላስተር ለጥፊበት። ወረቀቱን በባዶ ጣትሽ አትያዢው፣ ጠርዟን ያዶለዱመዋል፤ ላጲስ ላይ ጠቅልይውና ውሃ እያስነካሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቢው። የአፈሙዟን ከንፈርና የውስጧን ቀዳዳ ተያቸው።

አንድ አደራ አለብሽ። ማንም ሰው "በማሽን ባንድ አፍታ ላጥራልሽ" ቢልሽ እንዳትሰጪው። በእጅ ብቻ ይሁን። እባክሽን።

ካሤ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ካሤ፣

በጤናህ ነህ? እኛ ከእጄ ጥቁረት በቀር ደህና ነን።

አዎ፣ ጥይት የለባትም። ጌታሰው አየ፣ እኔ አየሁ፣ አባባ በጣታቸው እያንዳንዱን የጥይት ቀዳዳ ቆጥረው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። አዎ፣ ላጲሱም ጠቅሟል፤ ግን እንዴት ቶሎ ያልቃል! አይ፣ ደንበኞቼ አልሸሹም። እንዲያውም መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ሽጉጥ ፈትቼ ተቀምጬ ያየኝ ሰው ሁሉ ልብሴ አልደረሰም ብሎ መቆጣቱን ትቶታል። "ኧረ ሲመችሽ፣ እትዬ ሠርካለም" ይለኛል፤ ከእኔ የሚበልጠው ሁሉ።

አንድ ጉድ ግን ሠርቻለሁ። ከወረቀቱ የሚወጣው ግራጫ ውሃ ጣቴ ላይ ደርቆ ሳላስተውል የአንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ላይ አሻራዬን አሳረፍኩበት። ሁለት ጊዜ አጥቤ ለቀቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ጌታሰው ጠዋት ስፌት፣ ከሰዓት ውልወላ ብሎ ሥራዬን ለይቶልኛል።

ከሰዓት ሥራው የሚያልቀው በአባባ ፍርድ ነው። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ "እስቲ አምጪያት" ይላሉ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አፈሙዟ ላይ በስሱ ይጎትቱታል።

"እዚህች ጋ አንዲት አለች።"

"የለችም፣ አባባ። ዓይኔን አፍጥጬ እያየሁ ነው።"

"ዓይንሽ ምን ያውቃል?"

ብርሃን ላይ አዘንብዬ ደግሜ ሳያት፣ አለች! እንደ ፀጉር የቀጠነች። ተናድጄ እመለሳለሁ። ከንዴቴ ይልቅ የገረመኝ ግን እሳቸው ናቸው። ዓመት ሙሉ ከቤት ወጥተው የማያውቁት ሰውዬ አሁን ገና ከምሳ ሳንነሳ "ሠርኬ፣ አትጀምሪም ወይ?" ይላሉ። ስለ ሐኪሞቹ ሳነሳባቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

እንዳልከው አንድ የጋራዥ ሰውዬ መጥቶ ነበር። በማሽን ልሥራልሽ አለ፤ እምቢ አልኩት። ግን እንደዚያ አጥብቀህ ለምን እንደጻፍክ አልገባኝም። ለጥምቀት ትመጣለህ አይደል? ከሠርጌ ወዲህ አላየንህም እኮ።

ሠርካለም


አዲስ አበባ፣ ጥር 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን።

በደብሬ በኩል ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ጭረቱ ሲጠፋልሽ ሌላ ጭረት የሚወጣው ስለተሳሳትሽ አይደለም። እያንዳንዱ ወረቀት የራሱን ጭረት ይተዋል። ዘዴው ይህ ነው፤ ወረቀት በለወጥሽ ቁጥር አቅጣጫም ለውጪ። በመጀመሪያው በቁመቷ ከሄድሽ በሚቀጥለው በወርዷ ሂጂ፤ የቁመቱ ጭረት አንድ ሳይቀር እስኪጠፋ። አንድ ከቀረ ወደ ለስላሳው አትለፊ። የመጨረሻውን፣ በጣም ለስላሳውን፣ ከእጀታዋ ወደ አፈሙዟ በቁመት ብቻ ሳቢና አቁሚ። መስታወት አታድርጊያት። እሷ ድሮም መስታወት አልነበረችም፤ ደመና ያለባት ጠዋት ነበር የምትመስለው። እኔ እንደዚያ ነው የማስታውሳት።

ለጥምቀት አልመጣም። ሥራ በዝቷል። አትቀየሚኝ።

አባባ ጥፍራቸውን ሲጎትቱ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህም ሰው የሚሠራው ልክ እንደዚያ ነው፤ ከነገርሽኝ በላይ ገብቶኛል።

ካሤ


ሰቆጣ፣ ጥር 22 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሤ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ የምነግርህ ስላለኝ።

ሽጉጧ አለቀች። የጥምቀት ማግስት የመጨረሻውን ወረቀት ስቤ ጨረስኩ። አንተ እንዳልከው ደመናማ ጠዋት መሰለች። ጌታሰው አንስቶ አገላበጣትና "አሁን ያ ፈረንጅ ቢመጣ የእኔ ናት ብሎ ይወስዳት ነበር" አለ። ለአባባ ሰጠኋቸው። ጥፍራቸው አንድ ቦታ ሳይሰናከል አለፈ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው ከእጀታዋ ግርጌ ካለው ብረት ላይ ሄደና ቆመ። ደግሞ ሄደ። ደግሞ ቆመ።

"የለተሥላሴ ምልክትስ?"

እማማ ለተሥላሴ ገና ሙሽራ ሳለች፣ አባባ በሌሉበት በሽጉጧ እጀታ የጨው አሞሌ ልትሰብር ብላ፣ ጨዉን ስታ ድንጋዩን መታች አሉ። ጎድጎድ ያለች ምልክት ቀረችበት። አባባ ያኔ ሦስት ቀን አኩርፈው፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁበት ኖሩ። እኔ ይህን ታሪክ አላውቅም ነበር፤ አንተስ ታውቅ ነበር? ለእኔ የተስፋው ጭረት ነበረች። ከሌላው ጋር አብሬ ወለወልኳት።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽጉጧን በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ዋሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ጌታሰው ተከትሎኝ ገብቶ ቀሚሴን አጣጠፈልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሠርኬ፣ በጣቴ አጣኋት።"

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ..."

"ስሚኝ። ብረት እኮ ነው። ጎድጎድ ያለ ነገር ከላይ ቢነሳለት ጭላጩ ይቀራል። ለጣት አይበቃ ይሆናል። ለዓይን ግን ይበቃል።" እጃቸውን ከገበታው አነሱ። "እነዚያ ሐኪሞች መቼ ነው ይመጣሉ ያልሽኝ?"

ካሤ፣ ሽሮው እጄ ላይ ተደፋ። አልተቃጠልኩም።

ሠርካለም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 7 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ፣

ስለ እማማ ጨው አላውቅም ነበር። ስንቱን ሳይነግሩን ኖረዋል!

በደብሬ እጅ የላክሁት ለስላሳ ጨርቅ ነው። ሽጉጧን የስፌት መኪናሽን ዘይት ጠብታ አድርገሽ በስሱ ቀቢያትና በጨርቁ ጠቅልያት። ወደዚያ ቆዳ እንዳትመለስ፤ ማኅደሯን ለጌጥ ስቀሉት። አባባ ወደ ሐኪሞቹ ሲገቡ እጃቸውን ያዢልኝ። ባርኔጣም ገዝቼላቸዋለሁ፤ ለፀሐዩ ይሆናቸዋል።

ያን ስለ ማሽን የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመልሰዋለሁ። አሁን የአባባ ዓይን ነው የሚያሳስበን።

ካሤ


ሰቆጣ፣ መጋቢት 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ካሤ፣

እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሰህ። እዚህ ነፋሱ በርትቷል። የጎረቤታችን በቅሎ ወለደች ቢሉህ እንዳታምን፤ ገብስ ተወደደ ቢሉህ እመን። ጌታሰው ጥርሱን አሞት ዳነ። ባርኔጣው ደርሷል፤ ትንሽ ይሰፋል።

እሺ፣ አሁን ልንገርህ። ያያሉ! አባባ ያያሉ!

ፋሻውን ስታነሳላቸው ነርሷ "ምን ይታይዎታል?" አለቻቸው። እኔ መጸለይ እንኳን ጠፋኝ። አባባ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡና ከአልጋው ግርጌ የቆመውን ጌታሰውን ትኩር ብለው አዩት። እኔን ሲያገባ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ አይተውት አያውቁም።

"አንተ ማነህ?"

"ጌታሰው ነኝ፣ አባባ።"

"ውሸት! ጌታሰው ረጅም ነው።"

"እኔ ነኝ፣ በእግዜር።"

ከላይ እስከ ታች አዩት፤ መንገዱም ሩቅ አልነበረም። "ታዲያ ምነው ድምፅህ ይህን ያህል ረዘመ?" አሉ። ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጌታሰው እስከ ዛሬ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው።

እኔን ሲያዩ አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። "ክር ወደ መርፌ ስታስገቢ ግንባርሽን ታጨማድጃለሽ። ተዪው፣ እንደዚያው ይቀርብሻል" አሉኝ። ከዚያ አቀፉኝ።

ሽጉጧን እቤት ስንደርስ ነው የጠየቁት። በረንዳው ላይ ወደ ፀሐይ አዘነበሏት፣ መለሷት፣ ደግመው አዘነበሏት። ድንገት "አለች!" ብለው ጮኹ። "ይቺውና! ይቺውና የለተሥላሴ!" በጥፍራቸው ያሳዩናል። እኔም ጌታሰውም ሥሯ ድረስ ጎንበስ ብለን አየን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ምንም አላየሁም። እሳቸው አለች ካሉ አለች። ጠቅልለው ሰጡኝና ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቀዋት አያውቁም። ሰው ማየት ነው ሥራቸው። ተስፋውን ጠርተው ይቅር ብለውታል፤ ማሰሪያውን አስሮ ነበር የመጣው።

አሁን በየቀኑ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ካሤ የታለ?"

ደብሬ ባለፈው ዕቃ ሲቀበልህ ቀኝ እጅህን ከኪስህ ሳታወጣ እንዳናገርከው ነገረኝ። አጻጻፍህም አለ። ለጥምቀት መቅረትህም አለ። ወንድሜ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። እጅህ ምን ሆነ?

ሠርካለም


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ ሠርካለም፣

የጌታሰውን ቁመት ነገር ለሥራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው፤ እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። የአባባን "አለች" ግን ለብቻዬ አስቀረሁት።

ሁለት ዓመት ሆነው። የመወልወያው ማሽን የያዝኩትን ጨርቅ ጠለፈው፤ ጨርቁ እጄን ይዞ ገባ። ከቀኝ እጄ ሦስት ጣት የለኝም። አውራ ጣትና ትንሿ አሉ፤ ሸሚዝ ለመቆለፍ ይበቃሉ። በግራ መጻፍ ተማርኩ፤ እስክለምደው ነው ደብዳቤዬ የጠፋባችሁ። ሥራዬንም አላጣሁም፤ አሁን የተወለወለውን በግራ እጄ እየዳሰስኩ ጭረት ያለበትን የምመልስ ሰው ነኝ። አባባ በረንዳው ላይ የሚሠሩትን ማለት ነው።

ያልመጣሁት አፍሬ አይደለም፤ ወይም አፍሬ ብቻ አይደለም። አባባ ሰውን በእጁ ነበር የሚያዩት። እንደገባሁ እጄን ይጨብጣሉ። በጨለማቸው ላይ ያንን እንዲዳስሱ አልፈለግሁም። አሁን ደግሞ ዓይናቸው በራ፤ መጀመሪያ ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ይህ ይሁን? ትንሽ ይቆይ። እንዳትነግሪያቸው።

ካሤ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ካሤ፣ ወንድሜ፣

ነገርኳቸው። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ግን አንብበህ ጨርስ።

ደብዳቤህ ሲመጣ እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ ነበር የማነብላቸው። ድሮ የማይሆን ነገር ካለ ዘልዬ አልፍ ነበር፤ ድምፄን ካስተካከልኩ አያውቁብኝም። አሁንም ልዘል ስል "ሠርኬ፣ ፊትሽን እያየሁት ነው። የዘለልሽውን አንብቢ" አሉኝ። ዓይን መብራቱ ለእኔ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። አነበብኩት።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሐኪሙ እንዳያሹት ስለከለከለ እንዲሁ ፈሰሰ። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ግራው ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ አባባ። በእሱ ነው የጻፈው።"

"እንግዲያ በግራ እንጨባበጣለን። ይህ ምን ያስጨንቃል? ሁለት ዓመት ሙሉ!" ቆጣ አሉ፤ እንደ ተስፋው ጊዜ በኽምጣና ባይሆንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ በግራ እጃቸው ያልጨበጡት ሰው የለም። ልምምድ ነው ይላሉ። ገበያ ላይ ሰው ቀኙን ሲዘረጋላቸው "ያንን አስቀምጠው፣ ሌላኛውን አምጣ" ይሉታል። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መስቀላቸውን ወደ ቀኝ አዙረው በግራ ሰላም ብለዋቸዋል። ከተማው ሁሉ አዲስ ሥርዓት የመጣ መስሎታል።

መልእክታቸው ይህ ነው፤ ቃል በቃል ጻፊ ብለውኛል። "አማቼን አየሁ። ተራራውን አየሁ። የማላውቃቸውን የሰው ልጆች ሁሉ እያየሁ ነው። አንተ ስትቀር ነውር አይደለም? ለፋሲካ ና።"

ሠርካለም


ወልድያ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

እህቴ ሠርካለም፣

እንዴት አደራችሁ? እኔ ወልድያ መናኸሪያ ሻይ ቤት ውስጥ ነኝ። አውቶቡሳችን ተበላሽቶ ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ወደ እናንተ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ሾፌሩ ታማኝ ከሆነ ቀድሞኝ ይደርሳል።

አልተቀየምኩሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ሲያዞሩ ታየኝና ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ ስጨርስ ግን ሄጄ ትኬት ቆረጥኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ለአንቺ መቀስ፣ ለጌታሰው ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አለ። ለአባባ ምን እንደምይዝ ጠፍቶኝ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አባባ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይናቸው ሲያዩኝ ጢም እንኳን አላበቀልኩም ነበር። ለሠርግሽ ስመጣ ያወቁኝ በድምፄ ነው። አሁን ጢም አለኝ፣ ወፍሬያለሁ፣ ፀጉሬም ከግንባሬ ሸሽቷል። ነገ ከአውቶቡሱ ከእኔ ጋር ብዙ ሰው ይወርዳል፤ ለበዓል ነውና። መናኸሪያው ስትመጡ እንዳትጠሪኝ። እጅሽን እንዳታነሺ፤ ጌታሰውንም አስጠንቅቂው። እኔም አልናገርም። ከሰዉ መሃል ሁለት እጆቼን ከኪሴ አውጥቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ።

እሳቸው ራሳቸው ይፈልጉኝ።

ወንድምሽ ካሤ